ዕረፍት በትንሽ ከተማ፦ ከፍኖተ ሰላም እስከ ግሽ ዓባይ



የትምህርት ቤት የአጋማሽ ዓመት ዕረፍት በደረሰ ቁጥር በብዙዎቻችን ቤት «ዘንድሮስ የት እንሂድ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ልጆች ከጎረቤት ልጆች ስሟን የሰሟትን ትልቅ ከተማ ይጠራሉ። እናት ወጪውን ታሰላለች። አባት ደግሞ «ሥራ አለብኝ» ብሎ ነገሩን ለሌላ ጊዜ ሊያስተላልፍ ይሞክራል። በመጨረሻም ወይ ማንም ከቤት ሳይወጣ ዕረፍቱ ያልቃል፣ አለያም ከአቅም በላይ የሆነ ጉዞ ይደረግና ሁሉም ከሄደበት ይበልጥ ደክሞ ይመለሳል። ይህ በእኛም ቤት ደርሷል። ለአጭር ዕረፍት የሚሆን ቦታ እንዴት ይመረጣል የሚለውን የተማርነውም ከዚሁ ድካም ነውና፣ ለሌሎች ቤተሰቦች ቢጠቅም ብለን እናካፍላችሁ።

ዕረፍት ያልነበረው ዕረፍት

በ2010 ዓ.ም. የአጋማሽ ዕረፍት ስሟ በየቦታው ወደሚነሳ አንዲት ትልቅ የመዝናኛ ከተማ ሄደን ነበር። የመጀመሪያው ቀን አልጋ ፍለጋ ላይ አለቀ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ለጀልባ ተሰለፍን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልባችን አምኖ የሚበላ ምግብ ስንፈልግ ከታክሲ ታክሲ ስንቀያይር ዋልን። በዚህ መካከል ዙህር ከዐስር ጋር ተያያዘብን። በሦስተኛው ቀን ዕቃ መሸከፍ ሆነ። ልጆቹ «ይህን ግዙልን፣ ያንን አሳዩን» ይላሉ፤ እኛ ደግሞ ኪሳችንንና ሰዓታችንን እያየን እንቆጣለን። ስንመለስ መንገድ ላይ የስድስት ዓመቱ ትንሹ ልጃችን፣ «አባዬ፣ ዕረፍታችን የሚጀምረው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ከመካከላችን መልስ ያገኘለት አልነበረም።

ከዚህም የባሰ ያሳሰበን ታላቁ ልጃችን ነበር። በዚያን ጊዜ አሥራ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ከአባቱ ጋር የሚነጋገሩት «አጥና» እና «እሺ» ብቻ ከሆነ ሰነባብቷል። አባቱ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ልጁ ተኝቷል፣ ማታ ሲመለስም ልጁ መጽሐፉ ላይ አቀርቅሯል። በዚያ የሦስት ቀን ሩጫ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው አሥር ደቂቃ እንኳ አልተጫወቱም። ለካ ከተማው ትልቅ ሲሆን ሁሉም ዓይኑን ወደሚታየው ነገር ይወረውራል እንጂ እርስ በርሱ አይተያይም።

ጎረቤታችን የሰጡን ምክር

በተከታዩ ዓመት ይህንኑ ጉዳይ ስናነሳ፣ የጎጃም ተወላጅ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን አጠገባችን ተቀምጠው ቡና ይጠጡ ነበር። ሰምተው ሳቁና፣ «እናንተ ሁልጊዜ መጨረሻው ድረስ ካልሄድን ትላላችሁ። ባሕር ዳር ለመድረስ ስንት ደህና ከተማ እንደምታልፉ ታውቃላችሁ? ከነሱ በአንዷ ለምን አታርፉም?» አሉን። ከዚያም የፍኖተ ሰላምን፣ የቡሬንና የግሽ ዓባይን ስም ጠሩልን።

ነገሩን አሰብንበት። ለአጭር ዕረፍት የሚሆን ከተማ ምን ምን ሊኖራት እንደሚገባም ወረቀት ላይ ጻፍን። መመዘኛዎቻችን አራት ነበሩ።

አንደኛ፣ ፈጅር ሰግዶ የወጣ ቤተሰብ ሳይመሽበት የሚደርስባት ትሁን። ሦስት ቀን ለማረፍ ሁለት ቀን ወዲያ፣ ሁለት ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ማደር ሒሳቡ አያዋጣም።

ሁለተኛ፣ ከዳር እስከ ዳር በእግር የምትካለል ትሁን። ልጅ የያዘ ቤተሰብ ትራንስፖርት ለመጠበቅ የሚያጠፋው ጊዜ ቀላል አይደለም። በእግር የሚኬድባት ከተማ ግን ራሷ መዝናኛ ትሆናለች።

ሦስተኛ፣ መስጂድ ያላትና ሐላል ምግብ የማያስቸግርባት ትሁን። ይህ የተሟላለት ቤተሰብ ግማሹ ሐሳቡ ይቀልለታል።

አራተኛ፣ «ይህን ሳታይ እንዳትመለስ» የሚባልባት ነገር አንድ ቢሆን ይበቃል። አሥር የሚታይ ነገር ያለበት ቦታ አሥር ቀን ላለው ሰው ነው።

አምስተኛ መመዘኛም ነበር። በዚያን ጊዜ ግን አልጻፍነውም፣ ትዝም አላለንም። ስለ እርሱ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

«እዚያ ሙስሊም አለ እንዴ?»

ወደ ምዕራብ ጎጃም ልንሄድ መሆኑን ለዘመድ ወዳጅ ስንናገር ብዙዎች ይህንኑ ጠየቁን። ጥያቄው የመጣው ካለማወቅ ነው። ሙስሊሙ በጎጃም ከተሞች ቁጥሩ አነስተኛ ቢሆንም የቆየ ነዋሪ ነው። በዓባይ ማዶና ማዶ ይመላለሱ የነበሩ ሙስሊም ነጋዴዎች ጨው፣ ቡናና ጨርቅ እየጫኑ በጎጃም ገበያዎች ለብዙ ዘመን ኖረዋል። ዛሬም በመንገዱ ዳር ባሉት ከተሞች መስጂድ ይገኛል። በመሆኑም «ይኖር ይሆን?» ብሎ ከመቅረት፣ አስቀድሞ ደውሎ «የት ነው?» ብሎ መጠየቅ የተሻለ ነው። እኛም እንዲሁ አደረግን።

መንገዱ

በየካቲት 2011 ዓ.ም. የአንድ ወንድማችንን መኪና ተውሰን ሐሙስ ጠዋት ፈጅር እንደሰገድን ወጣን። ሱሉልታን አልፈን፣ የሰላሌን ሜዳ አቋርጠን ጎሃ ጽዮን ስንደርስ ልጆቹ ገና በደንብ አልነቁም ነበር። የዓባይ በረሃ ግን ቀሰቀሳቸው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርድና በጃፓን መንግሥት እርዳታ በተሠራው የህዳሴ ድልድይ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ደጀን መልሶ ይወጣል። ከጎኑ የቀድሞው ድልድይ ይታያል። ሴቷ ልጃችን ቁልቁለቱ ላይ አስመለሳት። እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ምክር አለን። በረሃውን ከማቋረጥ በፊት ልጆችን ከባድ ቁርስ አታብሉ፤ ፌስታልና ውኃም ከእጃችሁ አይራቅ።

ከአዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደብረ ማርቆስ ላይ ዙህርንና ዐስርን አጣምረን፣ አሳጥረን ሰገድን። ስለ መንገደኛ ሶላት አንድ ነገር ብናስታውስ መልካም ነው። ብዙዎቹ ዑለማእ 80 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ የሚጓዝ ሰው ባለ አራት ረከዓ የሆኑትን ሶላቶች ሁለት ሁለት አድርጎ መስገድ እንደሚችል ያስተምራሉ። መግሪብና ፈጅር ግን አያጥሩም። በሻፊዒይ መዝሀብ የመድረሻውና የመመለሻው ቀን ሳይቆጠር አራት ሙሉ ቀን ለመቀመጥ ያሰበ ሰው የመንገደኛ ፍርዱ ይቀራል፤ በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ ገደቡ 15 ቀን ነው። የሦስት ቀን ዕረፍት እንግዲህ በሁለቱም ዘንድ ከገደቡ በታች ነው። ማጣመርን በሚመለከት ሐነፊዮች የተለየ አቋም ስላላቸው፣ ዝርዝሩን ከመነሳታችሁ በፊት ከሰፈራችሁ ኡስታዝ ብትጠይቁ ይበጃል።

ከደብረ ማርቆስ በኋላ አማኑኤልንና ደምበጫን አልፈን ከደጋው ብርድ ወደ ለስላሳው ሙቀት ወረድን። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ትላለች። ፍኖተ ሰላም ደግሞ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ ልጆቹ ሹራባቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ወደ 385 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን።

ፍኖተ ሰላም

ፍኖት ማለት በግእዝ መንገድ ነው። የከተማዋ ስም እንግዲህ «የሰላም መንገድ» ማለት ይሆናል። ዋናው አስፋልት መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ባጃጅና የፈረስ ጋሪ ይሽቀዳደሙበታል። ከአስፋልቱ ሁለት መቶ እርምጃ ገባ ሲሉ ግን ሌላ አገር ነው፤ የማንጎ ዛፍ በየግቢው፣ ዶሮ በየደጁ፣ ከየቤቱ የሚወጣው ደግሞ የሚታመስ በርበሬ ሽታ። የጃቢ ጠህናን፣ የቡሬና የወንበርማ ገበሬ በበርበሬው የታወቀ ነው። ትንሹ ልጃችን ሲያስነጥስ አንዲት እናት ከደጃቸው ሆነው «ይማርህ! የኛ አገር ሽቶ ነው» ብለው አሳቁን።

የመጀመሪያው ሌሊት ግን አልተሳካልንም። በስልክ የያዝነው ሆቴል ከሥሩ መጠጥ ቤት ኖሮት ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አላስተኛንም። ስንጠይቅ ይህን ማንም አልነገረንም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኛም «መጠጥ ቤት አለው ወይ?» ብለን አልጠየቅንም። በማግስቱ ከመስጂዱ ብዙም ወደማይርቅ ጸጥ ያለ ፔንሲዮን ተዛወርን። ክፍሎቹ ተራ ናቸው፤ ግቢው ግን ጥላ አለው፣ ሌሊቱም ሌሊት ነው። ስለዚህ አልጋ ስትይዙ ከዋጋው በፊት ጸጥታውን ጠይቁ።

ዓርብ ጁሙዓ ሰገድን። ከሶላት በኋላ አንድ አዛውንት የልጆቹን እጅ ይዘው፣ «እንግዶች ናችሁ፤ ቡና ሳትጠጡ አትሄዱም» አሉ። ቤታቸው ስንደርስ ቡናው እየተወቀጠ ነበር። አብረውን የተቀመጡት ክርስቲያን ጎረቤታቸው ናቸው። ሁለቱም በአንድ ዕድር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል መቆየታቸውን ነገሩን። «በእኛ ሰርግ ለእነርሱ ለብቻ ይታረዳል፣ በእነርሱ ሰርግ ለእኛ ለብቻ ይታረዳል። ሐዘን ሲሆን ግን ድንኳኑ አንድ ነው» አሉን አዛውንቱ። ልጆቻችን ይህን አፋቸውን ከፍተው ሰሙ። አዲስ አበባ ውስጥ ጎን ለጎን እየኖርን ያላስተማርናቸውን ነገር እዚያ በአንድ ሲኒ ቡና ተማሩት።

ስለ ምግብም ጥቂት እንበል። የሙስሊም ምግብ ቤት በትንሽ ከተማ ብዙ አይሆንም። ብዙውን ጊዜ መስጂድ አካባቢ ይገኛልና የሰጋጁን ሰው መጠየቅ ነው። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ክርስቲያኖች ስለሚጾሙ በየምግብ ቤቱ ሽሮና አትክልት ይሠራል፤ ለሙስሊም መንገደኛም ይህ አንድ አማራጭ ነው። ከዚህም በላይ እንጀራው የጎጃም ጤፍ ነው፣ ማሩ የአካባቢው ነው፣ ሙዙና ማንጎው በየመንገዱ ዳር ይሸጣል። እኛ አንዱን ምሳ ሙዝ፣ ዳቦና ሻይ አድርገነው ማንም አላጉረመረመም።

ግሽ ዓባይ

ቅዳሜ «ይህን ሳታዩ እንዳትመለሱ» ወደተባለው አንድ ቦታ ተነሳን። ከፍኖተ ሰላም ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቡሬ ላይ ሻይ ጠጣን። ቡሬ ወደ ወለጋ፣ ነቀምት የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት የገበያ ከተማ ናት። ታሪክም አላት። በ1933 ዓ.ም. የጎጃም አርበኞችና በዊንጌት የተመራው የጌዴዎን ጦር ጣሊያንን ከምሽጉ ካስለቀቁባቸው ቦታዎች አንዷ እርሷ ነች። ከቡሬ ቀጥለን ጥሊሊ ስንደርስ አስፋልቱን ትተን በጠጠር መንገድ ወደ ሰከላ ታጠፍን። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ አየሩም እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ግሽ ዓባይ የሰከላ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ትንሽ የደጋ ከተማ ናት።

ከከተማው ወደ ምንጩ በእግር ወረድን። ልጆቹ በበረሃው ውስጥ ያዩትን ያንን ግዙፍ ሸለቆ እያሰቡ ፏፏቴ ሊያዩ ጠብቀዋል። የጠበቃቸው ግን ከተራራው ግርጌ ያለ አረንጓዴ፣ ረግረጋማ ሜዳና ከዚያ ውስጥ የምትፈልቅ ትንሽ ምንጭ ነው። ትንሹ፣ «ይሄ ነው ዓባይ? ይሄንንማ እኔም እዘለዋለሁ» አለ። እውነቱን ነው። ይህች ውኃ ግልገል ዓባይ ተብላ ጣና ትገባለች፤ ከጣና ዓባይ ሆኖ ይወጣና ጎጃምን ዞሮ፣ ጉባ ላይ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ታላቁን የህዳሴ ግድብ አልፎ ሱዳን ይገባል። ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውኃ ወደ 85 በመቶ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋዎች የሚወርድ ነው።

ቦታውን ለማየት ብዙዎች ከሩቅ አገር ተጉዘዋል። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ አይቶታል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 ደርሶ «የመጀመሪያው እኔ ነኝ» ብሎ ጽፏል። ታላቁ ልጃችን ይህን ሲሰማ፣ «እዚህ ከብት የሚያጠጡት ሰዎችስ?» አለ። ከአባቱ ጋር ያን ቀን የተሳሳቁት በዚህ ነው።

ለእኛ ለሙስሊሞችም ይህ ውኃ የተለየ ትርጉም አለው። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ናይልን ከጀነት ወንዞች መካከል ጠርተውታል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ምንጩ በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ ጸበል ነው፤ ቤተ ክርስቲያንና የራሱ ሥርዓትም አለው። በመሆኑም ከቅጥሩ ውጭ ቆመን አየን። ለውዱእ ከመኪናው ያመጣነውን ውኃ ተጠቀምን እንጂ ወደ ጸበሉ አልተጠጋንም። በሰው ቤት ያለ እንግዳ የቤቱን ደንብ ማክበሩ የአደብ ጉዳይ ነው።

ዙህር ሲደርስ ከቦታው ራቅ ብለን ሜዳው ላይ ምንጣፍ አነጠፍን። እረኞች ልጆች ከብቶቻቸውን እየነዱ በፊታችን ሊያልፉ ሲሉ አንድ ገበሬ ከወዲያ ማዶ፣ «ተመለሱ! ሰዎቹ ጸሎት ላይ ናቸው፤ ከብቱን በታች አዙሩ» ሲሉ ሰማን። ሶላቱን አጠናቀን «እግዜር ይስጥልን» ልንላቸው ስንፈልጋቸው ርቀው ሄደዋል።

ምንም ያልሠራንበት ቀን

እሑድ ጠዋት ክርክር ተነሳ። ከእንጅባራ አጠገብ፣ በዋናው መንገድ ዳር፣ ክቡ የዘንገና ሐይቅ አለ። የእሳተ ገሞራ አፍ የነበረ፣ ጥልቀቱም ከ160 ሜትር የሚበልጥ ነው። «እዚህ ድረስ መጥተን ሳናየው?» አለ ከመካከላችን አንዱ። ያለፈው ዓመት ሩጫ ትዝ አለን። አራተኛውን መመዘኛችንን አክብረን ቀረን።

ከዚያ የሆነው እንዲህ ነው። ሴቷ ልጃችን ከፔንሲዮኑ ባለቤት ሴት ልጅ ጋር ገበጣ ስትጫወት ዋለች። ትንሹ የጋሪ ፈረስ ሣር ሲያበላ ነበር። ታላቁና አባቱ ዳቦ ለመግዛት ወጥተው ከሁለት ሰዓት በላይ ቆዩ። ዳቦ ቤቱ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ሲመለሱ ዳቦውን ረስተውታል። ምን እንደተነጋገሩ ሁሉንም እዚህ ማውጣት ተገቢ አይሆንም። ይህን ያህል ግን እንበል። ልጁ ትምህርቱ ከብዶት፣ ማታ ማታ መጽሐፍ ገልጦ የሚቀመጠው ሳይገባው ኖሯል። ይህንንም ከጀመረው አንድ መንፈቅ አልፎታል። «ለምን አልነገርከኝም?» ቢለው፣ «መቼ?» ብሎ መልሶለታል።

ይህች «መቼ?» የምትል ጥያቄ ለጉዞው ካወጣነው ገንዘብ ሁሉ ትበልጣለች። ልጁ በቀጣዩ ሳምንት አስጠኚ ተፈለገለት፤ አባቱም በሳምንት ሁለት ማታ በጊዜ መግባት ጀመረ። ትንሽ ከተማ ያደረገችልን ይኸው ነው። የምታሳየን ነገር ስላልበዛ እርስ በርሳችን እንድንተያይ አደረገችን።

ሳራዬቮ

ይህን ለአንድ አውሮፓ ለሚኖር ዘመዳችን በስልክ ስናጫውተው፣ እነርሱም እንዲሁ እንደሚያደርጉ ነገረን። ትልልቆቹን ዋና ከተሞች ትቶ ቤተሰቡን ለሦስት ቀን ይዞ የሄደው ሳራዬቮ ነው። ሕዝቧ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ክፍለ ከተማ አይበልጥም። ባሽቻርሺያ የሚባለው አሮጌው ገበያ በእግር የሚካለል ነው። መሐሉ ላይ መንገደኛ የሚጠጣበት የእንጨት ሰቢል ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1531 የተሠራው የጋዚ ሁስረቭ ቤይ መስጂድ ከዚያ ጥቂት እርምጃ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንና የአይሁድ ምኩራብም በዚያው ሰፈር ይገኛሉ። የእኛን አራት መመዘኛዎች አንድ በአንድ የምታሟላ ከተማ ናት።

ዕድሜያችን ገፋ ላለው ግን የሳራዬቮ ስም ሌላም ያስታውሰናል። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1992 እስከ የካቲት 1996 ድረስ ከ1,400 ቀናት በላይ ተከባ በመድፍና በአልሞ ተኳሽ ጥይት የተደበደበችው ከተማ እርሷ ነች። ሕዝቡ ውኃ ሊቀዳ ወጥቶ የሚሞትባት ነበረች። ያን ጊዜ በየመስጂዱ ዱዓ ስናደርግላት ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሊያርፍባት ይሄዳል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም።

ያልጻፍነው አምስተኛው መመዘኛ

አሁን ወደ አምስተኛው መመዘኛ እንመለስ። እርሱም ሰላም ነው።

እኛ ከተመለስን በኋላ ዓመት ሳይሞላ፣ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም ሞጣ ከተማ መስጂዶች ተቃጠሉ። ያን ዜና ስንሰማ ልጆቹ የጠየቁን ስለ ፍኖተ ሰላሙ አዛውንትና ስለ ጎረቤታቸው ነበር። መልሶ ለመሥራት ከየአቅጣጫው እርዳታ ሲሰበሰብ ክርስቲያን ወገኖችም እጃቸውን መዘርጋታቸውን ነገርናቸው። ሁለቱም እውነት ናቸውና ልጅ ሁለቱንም ማወቅ አለበት።

ከዚያ የከፋ ደግሞ መጣ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ተነሳ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለዜና ወኪሎች ተናገሩ። የሰላም መንገድ የተባለችው ከተማ! ያን ቀን ስልክ ደጋግመን ሞከርን፤ መስመር አልነበረም። አዛውንቱንም፣ የፔንሲዮኑን ባለቤትም፣ በበርበሬ ሽታ ያሳቁንን እናትም አሰብን። ከዚያ ወዲህ ያ መንገድ ልጆች ይዞ ለመዝናናት የሚሄዱበት መንገድ መሆኑ ቀርቷል። እኛም ዛሬ «ሂዱ» ብለን አንመክርም።

እንግዲህ ዛሬ ቦታ የሚመርጥ ቤተሰብ ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ ይጀምር። አስቀድሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአንድ ሳይሆን ከሁለት ከሦስት ሰው፣ በተለይም በዚያው ከሚኖር ዘመድና በመስመሩ ከሚሠራ ሹፌር ይጠይቅ፤ በመነሻው ቀን ጠዋትም ደግሞ ይጠይቅ። ካላመነ ይቅር፤ መቅረት አያሳፍርም። ከዚያም አራቱን መመዘኛዎች በቅርብ ላሉ ከተሞች ያውላቸው። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቡታጅራና ወራቤ ቅርብ ናቸው፣ መስጂዱም ሐላል ምግቡም አያስቸግርም፣ በእግርም ይካለላሉ። አቅም ለሌለው ደግሞ አያት ያሉባት የገጠር ከተማ ከሁሉም ትበልጣለች፤ ዝምድናን መቀጠልም ይሆንለታልና። ዋናው ነገር ቦታው መራቁ ወይም ስም ያለው መሆኑ አይደለም። ልጅ «መቼ?» ብሎ እንዳይጠይቅ የሚያደርግ ጊዜ የሚገኝበት መሆኑ ነው።

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ይላል ያገሬ ሰው። የፍኖተ ሰላም ልጅም ዛሬ ሰላም ጠምቶታል። ነገር ግን ሳራዬቮን ከዚያ ሁሉ መድፍ በኋላ የቤተሰብ ማረፊያ ያደረገ አላህ (ሱ.ወ.) ለዚያችም ከተማ የሚሳነው የለም። ታላቁ ልጃችን አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ባለፈው ዒድ ቤት መጥቶ ከአባቱ ጋር ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ፣ «አባዬ፣ መንገዱ ሲከፈት እኔ ነኝ የምነዳው» አለ። አባቱም «ኢንሻ አላህ፤ ዳቦውን ግን እንዳንረሳ» አለው።

አላህ ለአገራችን መንገዶች ሁሉ ሰላም ያውርድልን፤ በየከተማው ያሉትን ወገኖቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።